መስታወቱ ይገጠም፥ መስታወቱ ይውለቅ

ሞተር ሳይክል በአዘና የበዛው በእኛ ዕድሜ ነው። ልጆች ሳለን ሞተር ሲባል የምናውቀው የግብርና ወይም የጤና ሠራተኛ የሚነዳትን የመንግሥት ያማሃ ብቻ ነበር፤ ድምፅዋ ከሩቅ በተሰማ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥለን እስክታልፍ እንጠብቃት ነበር። ዛሬ ግን በገበያ ቀን አንድ ቦክሰር ከኋላው አንድ ጆንያ በቆሎና ሁለት ሰው፥ በሰዎቹም መካከል አንድ ጠቦት አፈናጥጦ ዳገቱን ሲወጣ ቢታይ ዞር ብሎ የሚመለከተው እንግዳ ሰው ብቻ ነው።

ሞተር ከበዛ ዘንድ ደግሞ ውድድር መናፈቁ አይቀርም። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ የተቀበለን ትልቁ ወሬ ይኸው ነበር፤ መኸሩ ተሰብስቦ መሬቱ ሲደርቅ ባለሞተር ጐልማሶች በሜዳ ላይ እየዞሩ ሊሽቀዳደሙ አስበዋል የሚል ወሬ። በአዊ ምድር ይህ ሐሳብ እንግዳ ሊሆን አይችልም። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፥ ፈረስ በዐድዋ ጦርነትና በአርበኝነቱ ዘመን የዋለውን ውለታ ለማስታወስ ነው፤ ጥር 23 ቀን በመጣ ቁጥርም እንጅባራ በፈረሰኛ ትጥለቀለቃለች። ጉግሱንና ግልቢያውን እያየ ያደገ ልጅ ሞተር ሲይዝ የፈረስ አምሮት ቢነሣበት ምን ይፈረድበታል?

እኛም ወሬውን የሰማነው በደስታ ነው። ዳሩ ግን ከመካከላችን አንዱ ቡናውን አስቀምጦ «ለመሆኑ ሞተሮቹን ከመሮጣቸው በፊት የሚፈትሻቸው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ በዚያ ከተቀመጡት ባለሞተሮች መካከል መልስ የሰጠ አልነበረም። ጥያቄው የገባውም ያለ አይመስልም ነበር።

ይህን የምንጽፈው አራት የአዘና ልጆች ነን፤ አራታችንም የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን፥ የምሕንድስና ጓዶቻችን ይህን ገጽ ሲያነቡ መሳቃቸው እንደማይቀር እናውቃለን። ይሳቁ። ያ ጠያቂ ጓደኛችን ሌት ተቀን በስልኩ የሞተር ውድድር የሚመለከት፥ በዚህም ምክንያት ሁለት ጊዜ ከክፍል የቀረ ሰው ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብቻ የሚወዳደሩ ሰዎች በየማኅበራቸው ያወጧቸውን የፍተሻ ደንቦች አውርዶ እንደ ልብ ወለድ ያነብባቸዋል። እነዚያ ሰዎች ሞተራቸውን ወደ ውድድር ሜዳ ሲያመጡ አንድ ፈታሽ ከጎማው እስከ መሪው እየዳሰሰ ይመረምረዋል፤ ላለፈው ምልክት ይለጥፍለታል፥ ያላለፈውን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ፈታሹ አይሆንም ካለ አይሆንም፤ ይግባኝ ቢኖርም ሞተሩ ሳይታረም አይሮጥም።

በዚያው ሰሞን የአንዳችን ታላቅ ወንድም ሞተሩን ለዓመቱ ምርመራ ሊያቀርብ፥ ቦሎውንም ሊያሳድስ ይሰናዳ ነበር። አያ (በእኛ አገር ታላቅ ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው) በዚችው ሞተር ሰውና እህል እያመላለሰ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ያስተዳድራል። ስለዚህ አንዲቱን ሞተር ለሁለት ፍተሻ እናሰናዳት ብለን ተማከርን፤ አንደኛው ፍተሻ የእውነት፥ ሁለተኛው የምኞት። የአዘና ሞተር ለውድድር ሜዳ ፍተሻ ቢቀርብ ምን ይጐድለው እንደ ሆነ በዐይናችን ማየት ፈለግን። አያ በበኩሉ ምኞታችን ግድ አልሰጠውም፤ አራት ነጻ የጉልበት ሠራተኞች በማግኘቱ ብቻ ተስማማ።

የመንገዱ ፍተሻ ምን እንደሚሻ ሁሉም ያውቃል። የተሽከርካሪ መለያ፥ መመርመሪያና መመዝገቢያ ዐዋጅ የተባለው የ2002 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 681 ምርመራውን የሕግ ግዴታ አድርጎ ደንግጎታል። መብራቱ ይበራ፥ ፍሬቻው ብልጭ ይበል፥ ክላክሱ ይጩኽ፥ ታርጋው ይነበብ፥ ከግራና ከቀኝ መስታወት ይኑር፥ ፍሬኑ ይያዝ ነው ነገሩ። ከዚህም የተነሣ በአገራችን (በአዘና ብቻ እንዳይመስላችሁ) አንድ የታወቀ ልማድ አለ። የምርመራው ቀን ሲቃረብ ሰው ከጎረቤቱ መስታወት ይዋሳል፥ ፍሬቻ ይዋሳል፥ የባሰበትም ጎማ ይዋሳል፤ በማግሥቱ ሁሉም በምስጋና ይመለሳል። ለሠርግ ካባ እንደሚዋሱት ማለት ነው። አንድ ጥንድ መስታወት በአንድ ክረምት ለስንት ሞተር ቦሎ እንዳስገኘ ቢጻፍለት ኖሮ ጡረታ በተገባው ነበር።

አያም የሚያውሰው ሰው አግኝቶ ነበር። እኛ የተማርን ነንና ነውር ነው ብለን ብንጀምር፥ እርሱ ነገሩን ሲያስረዳን አፋችንን አስያዘን። ያለው ገንዘብ ወይ ለመስታወትና ለፍሬቻ፥ ወይ ለፍሬን ሸራና ለካቴና እንጂ ለሁለቱም አይበቃም። «የሚታየውን ብዋስ የማይታየውን እገዛለሁ፤ የሚታየውን ብገዛ ግን በተበላ ፍሬን ላይ ቦሎ እለጥፋለሁ። እስቲ የትኛው ይሻላል? ፍረዱኝ» አለን። አራታችንም ያለ ፍርድ ዝም አልን፤ በሎጂክ ትምህርት ከፍ ያለ ማርክ ያገኘው ጓደኛችን ጭምር።

ፍርዱን የሰጡት ባለጋራዡ ናቸው። ጋራዥ ስንል አንድ የቆርቆሮ ጥላ፥ አንድ ሣጥን መፍቻና በዘይት የጠቆረ መሬት ማለታችን ነው። በዕድሜ አባታችን ስለ ሚሆኑ ጋሼ እንላቸዋለን። «መስታወቱስ ነገ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ከኋላህ የሚመጣው አይሱዙ ግን መዋስህን አያውቅልህም» አሉት። ይህን ብለው ከአሮጌ ዕቃ ሣጥናቸው ሁለት መስታወት ፈልገው አወጡ፤ አንዱ ክብ፥ አንዱ አራት ማዕዘን። በዱቤ ሰጡት። የፍሬቻውም ነገር በአምፖል ብቻ ተቃለለ። በዚህ ዓይነት የአያ ገንዘብ ለፍሬኑ ተረፈ።

ወደ ምኞቱ ፍተሻ ስንመጣ ግን ዓለም ተገለበጠች። የውድድር ደንቡ በመጀመሪያ የሚያዝዘው መስታወቶቹ እንዲወልቁ ነው። ፍሬቻዎቹም ይውለቁ፤ ታርጋውም ይውለቅ፤ ካቫሌቶውም ይውለቅ፤ የፊት መብራቱ ወይ ይነሣ ወይ ሲሰበር እንዳይበተን በፕላስተር ይሸፈን። ጋሼ የሰጡትን መስታወት ገና አጥብቀን ሳንጨርስ ይህን ለአያ ብናነብለት፥ «ታዲያ ይኸ ውድድር ነው ወይስ ዘረፋ?» አለ።

ቀስ ብሎ ለተመለከተው ግን እያንዳንዱ ትእዛዝ ምክንያት አለው። ሞተር በሜዳ ላይ ሲወድቅ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ የወጣ ካቫሌቶ መሬት ሲነክስ ሞተሩን አንሥቶ ይገለብጠዋል፤ የመስታወት ስብርባሪም ለሚቀጥለው ጎማ ወጥመድ ይሆናል። የመስታወቱ ነገር ከዚህም ይጠልቃል። በመንገድ ላይ የፊተኛው ወደ ኋላ ማየት አለበት። በውድድር ሜዳ ግን የፊተኛው ወደ ፊት ብቻ ያያል፤ ሲያልፍ የመጠንቀቁ ግዴታ የኋለኛው ነው። እንግዲህ ወደ ኋላ የማይመለከት ሰው ለኋለኛው ሊያስብለት የሚችልበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሞተሩ ሳይነሣ በፊት ነው። ደንቡን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ብናነብበው፥ ስለ ጋላቢው ከሚናገረው ይልቅ ከእርሱ ኋላ ስለሚመጣው የሚናገረው በልጦ አገኘነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነበር።

ነገሩ የወረቀት ጭንቀት እንዳይመስል አንድ እውነተኛ ታሪክ እናምጣ። ግንቦት 12 ቀን 1965 ዓ.ም. በጣልያን አገር ሞንዛ በተባለው ሜዳ በመጀመሪያ የ350 ሲሲ፥ ቀጥሎም የ250 ሲሲ ሞተሮች ይወዳደሩ ነበር። በ350ው ውድድር የዋልተር ቪላ ቤኔሊ ሞተር ዘይት አፈሰሰች፤ ሜዳው ሳይጸዳ ሁለተኛው ውድድር ተጀመረ። ገና በመጀመሪያው ዙር ኩርቫ ግራንዴ በሚባለው ጥምዝ ላይ ጣልያናዊው ሬንሶ ፓሶሊኒ ወደቀ። ከኋላው የነበረው ፊንላንዳዊው ያርኖ ሳሪነን ባለፈው ዓመት በ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነበር፤ እርሱም ሊያመልጥ አልቻለም። ሁለቱም ሞቱ፤ ከእነርሱም ኋላ ሌሎች ብዙዎች በላይ በላዩ ወደቁ። ብዙ ሰው ጥፋቱን በዘይቱ ላይ ጣለ፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን የፓሶሊኒ ሞተር ነክሶ የኋላ ጎማው በመቆለፉ ነው አለ። ይህን ያልተቀበሉም ነበሩ። ለእኛ ጉዳይ ግን ሁለቱ አይለያዩም፤ ዘይቱም ይሁን የነከሰው ሞተር፥ ሳሪነንን የገደለው በሌላ ሰው ሞተር ላይ የደረሰ ነገር ነው።

የፈረስ ሰዎች ይህን ሳይጻፍላቸው ያውቁታል። የአንዳችን አያት ፈረስ ሊጭኑ ሲነሡ ከጌጡ አይጀምሩም። በመጀመሪያ ከሆዱ በታች በሚያልፈው ጠፍር ውስጥ ሁለት ጣታቸውን ሰድደው ጥብቀቱን ይለካሉ፤ ቀጥለው ልጓሙ የሚያርፍበትን የከንፈሩን ጥግ ገልጠው ቁስል እንዳለ ያያሉ፤ ከዚያ አራቱንም ኮቴ እያነሡ ጠጠር እንዳልገባበት ይዳስሳሉ። ግላሱና ጌጡ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ስለ ምን እንዲህ እንደሚደክሙ ብንጠይቃቸው «ጠፍር የተበጠሰበት ሰው ብቻውን ይወድቃል መሰላችሁ ልጆቼ? ባዶ ፈረስ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ስንቱን ያምሳል» አሉን። በእንግሊዝ አገር በፈረስ አደን ሲወጡ የሚራገጥ ፈረስ ጭራው ላይ ቀይ ጥብጣብ ይታሰርበታል፤ ምልክቱን የሚያየው የተቀመጠበት ሳይሆን ከኋላ የሚመጣው ነው።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ከሁሉ ያደከመን፥ ከሁሉም ያስደሰተን የሽቦው ሥራ ነው። ከሞተሩ ሆድ ሥር ዘይት ሲቀየር የሚፈታ አንድ ብሎን አለ። ይህ ብሎን ከመንቀጥቀጥ ብዛት ላልቶ ቢወድቅ ዘይቱ በሙሉ ከኋላ ጎማው ፊት ይፈስሳል፤ በመጀመሪያ ጋላቢውን፥ ቀጥሎም ተከታዮቹን ይጥላል። ስለዚህ የውድድር ደንብ አጥብቄዋለሁ የሚለውን ሰው ቃል አይቀበልም፤ ከተጠበቀ በኋላ በሽቦ ይታሰር ይላል። የብሎኑ ራስ በቀጭን መሰርሰሪያ ከጎን ወደ ጎን ይበሳል፤ 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ሽቦ ይገባበታል፤ ሁለቱ ጫፎች በፒንሳ ተገምደው ከማይንቀሳቀስ የሞተሩ አካል ጋር ይታሰራሉ። ጥበቡ ያለው በአቅጣጫው ነው። ሽቦው ብሎኑን ወደሚጠብቅበት ወገን መሳብ አለበት፤ እንዲያ ሲሆን ብሎኑ ሊላላ ቢሞክር ሽቦው ይወጠራል እንጂ አይለቅም። በተቃራኒው የታሰረ ሽቦ ለዐይን ያምራል፥ ለሥራ ግን አይረባም።

ጋሼ ይህን ስንነግራቸው «ደኅና ብሎን የሚበሳ እብድ ገና ዛሬ አየሁ» ብለው ሳቁ። ከዚያም ሽቦው በየት በኩል እንደሚስብ በወረቀት ላይ ሥለን ብናሳያቸው ሳቃቸውን አቆሙ፤ ብሎኑን አንሥተው በመዳፋቸው ሁለት ሦስት ጊዜ አገላበጡት፤ ቃል ሳይናገሩ መሰርሰሪያውን ፈለጉ። የብሎን ራስ ጠርዝ ነውና መሰርሰሪያው ይሸሻል። በሞረድ ትንሽ ቦይ አበጁለት። የመጀመሪያው መሰርሰሪያ ተሰበረ፤ ሁለተኛውም ተሰበረ፤ ሦስተኛው ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያ ማዶ ብቅ አለ። ጋሼ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አቅንተው በአንድ ዐይናቸው ሲያዩበት የነበራቸው ደስታ የሃያ ዓመት ጐልማሳ አስመስሏቸው ነበር። የማይዝግ ሽቦ በአዘና ስለ ታጣ የፌሮ ብረት የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ አጥፈን ተጠቀምን። ይዝጋል፤ ደንቡም አይቀበለውም። ለመንገድ ግን ከባዶ ይሻላል። የዘይት መሙያውንም ክዳን እንዲሁ አሰርነው።

ከሞተሩ በታች የሚፈስሰውን የሚቀበል ገበቴ መሰል ነገር መኖር እንዳለበትም ያነበብነው ያን ጊዜ ነው፤ ከሞተሩ ዘይት ቢያንስ እኩሌታውን መያዝ አለበት። እኛ የዘይት ጀሪካን ሰንጥቀን እንግጠም ብንል ጋሼ ከማርሚታው አጠገብ ይቀልጣል ብለው ቆርቆሮ ቆርጠው አጠፉ። ውኃ የሚቀዘቅዛቸው ትልልቅ ሞተሮች በራዲያተራቸው ንጹሕ ውኃ እንጂ ሌላ ፈሳሽ እንዳያደርጉ የሚከለክል ደንብም አለ፤ ያ ፈሳሽ ሲደፋ ሜዳውን ያንሸራትታልና። የእኛ ቦክሰር በነፋስ የምትቀዘቅዝ ድኻ ናትና ከዚህ ጣጣ ነጻ ወጣች።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። የጋሼ ቋንቋ እኩሌታው ጣልያንኛ ነው፤ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ካቴና፥ ኩሽኔታ፥ ማርሚታ። ከእኛ ጋር በአዊኛ ሲጫወቱ ይቆዩና ሞተሩ ላይ ሲያጐነብሱ ሳያውቁት ሮማ ይገባሉ። ለዐድዋ መታሰቢያ ፈረስ የሚጋልብ አገር የሞተሩን ብልት ሁሉ በጣልያን ስም መጥራቱ፥ ከታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን ለአንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አንዱ ፍተሻ መስታወት ግጠም፥ ሌላው መስታወት አውልቅ ቢሉም ሁለቱ አንድ የሚሆኑበት ስፍራ አለ፤ ትልቁም ሥራ የነበረው እዚያ ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሹካው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲናጥ ኳ የሚል ድምፅ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል ማለት ነው። የእኛይቱ ኳ አለች፤ ተጠበቀች። የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በራሱ ተስፈንጥሮ መዘጋት አለበት፤ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲዞር ሚኒሞው ከፍ ማለት የለበትም፤ ከፍ ካለ ገመዱ አጥሮ ወይም ተጣሞ ይስባል፥ ጋላቢውም በጥምዝ ላይ ሳያዝዘው ይፈጥናል። ገመዱን አውጥተን አጥበን ዘይት አጠጣነው። የቸርኬው ራጂዎች በመፍቻ እየተመቱ ይሰማሉ፤ የተወጠረው እንደ ክራር ጅማት ይጮኻል፥ የላላው ደግሞ እንደ እንጨት ዱብ ይላል። ይህ ሥራ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪው ተሰጠ፤ ሦስት ደንቆሮ ራጂዎች አገኘ። የካቴናው ልልነት ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ተደረገ። የፍሬን መያዣው ጫፍ በደንቡ ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ሊኖረው ይገባል፤ ሰው ሲወድቅ እንደ ጦር እንዳይወጋው ነው። በአዘና ጎዳና ላይ ቆመን የሚያልፉትን ሞተሮች ብንቆጥር ድቡልቡሉ ያልተሰበረበት ሁለት ብቻ አገኘን። የእጅ መያዣ እንጂ ጦር እንደያዘ ያሰበ ጋላቢ ግን አላጋጠመንም።

የፊቱን ፍሬን ስንከፍተው ሸራው ተበልቶ ከብረቱ ጋር ተስተካክሏል። አያ ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ለስድስት ወር ያህል በኋላ ፍሬንና በማርሽ ብቻ ይቆም እንደ ነበር ነገረን። ልጆቹን ከፊትና ከኋላ አፈናጥጦ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በዚያው ሞተር ነው። ባለቤቱ እንዳትሰማ አደራ አለን፤ ይህ መጽሔት አዘና ድረስ አይሄድም ብለን ጻፍነው። አዲሱ ሸራ ተገጥሞ ጋሼ ሜዳው ላይ ሲሞክሯት የኋላ ጎማዋ ትንሽ ከመሬት ብድግ አለ። አያ ምንም አልተናገረም፤ ወደ ጥላው ተመልሶ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ ያችን የተበላች ሸራ በእጁ ያገላብጥ ነበር።

ስለ ራስ ቁር ብዙ አንልም፤ ሁሉም ያውቃል፥ ጥቂቱ ያደርጋል። ይህንን ብቻ እንጨምር። በማን ደሴት ውድድር ጋላቢዎች ሁሉ የራስ ቁር እንዲያደርጉ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞቹን በሞተር ሲሄዱ እንዲያደርጉ ያዘዘው ግን በ1941 ነው፤ ለዚያውም የዐረቡ ዘመቻ ሎረንስ በ1935 ከሞተር ወድቆ ሲሞት ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂዩ ኬርንስ ጉዳዩን አጥንቶ ከጻፈ በኋላ። ለጨዋታ የሚሮጡት ለሥራ ከሚሮጡት 27 ዓመት ቀድመው ራሳቸውን ሸፈኑ ማለት ነው። በአዘናም ሥራው ከጨዋታው ይልቅ እንደሚገድል አንዘንጋ።

እንግዲህ ውድድሩ ይደረግ ወይስ አይደረግ? በእኛ አስተያየት ይደረግ፤ ግን አይሆንም የሚል ሰው ይገኝ። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽቦና ቆርቆሮ ይገኛል፤ በትንሽ ከተማ የማይገኘው የአክስቱን ልጅ «ሞተርህ ዘይት ያፈስሳልና ውጣ» የሚል ሰው ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለብን። ሰው በሠርግህ ያጨበጨበልህን፥ በልቅሶህ ድንኳን የተከለልህን ጎረቤት በሕዝብ ፊት መልስ ቢሉት ወዴት ይገባል? በፈረሱ ዘንድ ይህ ተፈትቷል፤ አባቶች አሉ። አንድ ጊዜ ጥር ላይ አንድ ሽማግሌ ጠፍሩ ያረጀበትን ጐረምሳ በዱላቸው ጫፍ ከሰልፉ ሲያወጡት አይተናል፤ ልጁም እጅ ነሥቶ ወጣ እንጂ አልተከራከረም። ሞተር ግን አባቶች የሉትም። በአዘና ካሉት ባለሞተሮች ሁሉ ትልቁ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው።

ጋሼን ፈታሽ ይሁኑ ብለን ለመንናቸው። «እኔ ራሴ የጠገንሁትን እኔው ልመርምር? ደግሞ ነገ የሚሠራ ሞተር ይምጣልኝ ብዬ ዛሬ ስንቱን እጥላለሁ? ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉን። መልሳቸው ልክ እንደ ነበር ማንም ያውቃል፤ ሌላውን ሰው ግን እስካሁን አላገኘነውም። ጐልማሶቹ ጥያቄውን ይዘው ወደ ፈረሰኞቹ ሽማግሎች ሊቀርቡ ተስማምተዋል። ሽማግሎቹ ስለ ሚኒሞና ስለ ካቴና አያውቁ ይሆናል፤ ውጣ ማለት ግን ያውቃሉ፤ ከጎናቸው አንድ የሚያውቅ ልጅ ቢቆም ይበቃል የሚል ነው የእኛ ሐሳብ። ከምሕንድስና ጓዶቻችን መካከል ፈቃደኛ ካለ ማኅበራችን ቢሮ ስሙን ይተውልን፤ የአዘና ቤቶች አልጋና ዳቦ አያጡም።

የእውነቱ ፍተሻ ቀን አያ ሞተሩን አጥቦ፥ ክቡንና አራት ማዕዘኑን መስታወት ወልውሎ ሄደ። መርማሪው መብራቱንና ፍሬቻውን አየ፤ ክላክሱን ነፋ፤ መስታወቶቹን ተመልክቶ ፈገግ አለ፥ ምንም ግን አላለም። ፍሬኑን ይዞ ገፋት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ታርጋውን ሊያነብ ጐንበስ ሲል ከሆዷ ሥር የተገመደውን ሽቦ አየና በጣቱ ነካው። «ይኸ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አያ እንደ ገባው አስረዳው፤ በየት በኩል እንደሚስብም በጣቱ አሳየው። መርማሪው ወረቀቱን ከፈረመ በኋላ ይህን የሚሠራው ሰው የት እንደሚገኝ ጠየቀው፤ እርሱም ሞተር ነበረው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ጋራዡ ብንሄድ ሦስት ሞተሮች ተደርድረው ቆመዋል፤ ጋሼም ቀጭኑ መሰርሰሪያ አልቆባቸው ሰው ወደ ባሕር ዳር ልከው ይጠብቃሉ። እኛ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ስንመለስ መሰርሰሪያው ገና አልመጣም ነበር፤ ወረፋው ግን ሰባት ደርሶ ነበር።